መራጩን ማስወጣት ወይስ መራጩን ማሳመን? የአሜሪካ ምርጫዎች የሚሰጡት መልስ

ኖቬምበር 4 ቀን 2025 በአሜሪካ በአንድ ሌሊት ሁለት እምብዛም የማይመሳሰሉ ዴሞክራቶች አሸነፉ። ቨርጂኒያ ውስጥ የቀድሞዋ የሲአይኤ ባልደረባ አቢጌል ስፓንበርገር ለዘብ ያለ አቋም ይዘው፣ የኑሮ ውድነትን ደጋግመው እያነሱ፣ በ15 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ልዩነት ለአገረ ገዢነት ተመረጡ። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ደግሞ ራሳቸውን ዴሞክራቲክ ሶሻሊስት ብለው የሚጠሩት የ34 ዓመቱ ዞህራን ማምዳኒ የቤት ኪራይ ጭማሪን ለማስቆም፣ አውቶቡስን ነፃ ለማድረግና የሕፃናት መዋያን ለሁሉም ለማዳረስ ቃል ገብተው ከንቲባነቱን አገኙ። በከተማዋ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ፤ ከአራት ዓመት በፊት በተካሄደው ተመሳሳይ ምርጫ የመረጠው ወደ 1.15 ሚሊዮን ብቻ ነበር።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አንድ የቆየ ክርክር አዲስ ጉልበት አግኝቷል። ምርጫ የሚያሸንፈው ደጋፊውን ከቤት አስወጥቶ ምርጫ ጣቢያ ድረስ የሚያደርስ ነው ወይስ ሕዝብ የሚወደውን ፖሊሲ ይዞ የሚቀርብ? ክርክሩ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ዘንድም የራሱ መልክ አለው። በ2021 የቨርጂኒያን ምርጫ «የወሰነው የእኛ ድምፅ ነው» የሚለው አባባል እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ማስረጃዎቹ ሲታዩ ሁለቱም ወገኖች ከያዙት እውነት በላይ ይናገራሉ። ሰው የማስወጣት ሥራ ጠባብ ልዩነትን ያሻግራል እንጂ ሰፊውን አይሞላም። ተወዳጅ ፖሊሲም በመራጩ አእምሮ ውስጥ ከአንድ ስም ጋር ካልተሳሰረ ድምፅ አይሆንም። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተከራካሪዎቹ የሚሉት

የመጀመሪያው ወገን መነሻው ቀላል ነው። በአሜሪካ በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ እንኳ የመምረጥ መብት ካላቸው ሰዎች ሲሦ ያህሉ ይቀራሉ። በ2020 ወደ 66 ከመቶ የሚሆኑት መርጠው ነበር፤ ይህም ከ1900 ወዲህ ትልቁ ተሳትፎ ነው። በፕሬዚዳንቱ የሥልጣን ዘመን መካከል በሚካሄደው የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ደግሞ የቀሪው ቁጥር ይብሳል፤ በ2014 የመረጡት ከ40 ከመቶ በታች ነበሩ። እንግዲህ ሐሳቡን የወሰነ ሰው ለማስለወጥ ከመድከም ይልቅ ሐሳቡ ከእኛ ሆኖ እግሩ የሰነፈውን ማስወጣት ይሻላል ይላሉ። ይህ ሥራ በምርጫ ባለሙያዎች ዘንድ «መራጭ ማስወጣት» ሊባል የሚችል የራሱ ሙያ ሆኗል። ቤት ለቤት መዞር፣ ስልክ መደወል፣ አጭር መልእክት መላክ፣ አቅመ ደካማውን በመኪና ማመላለስ ሁሉ ይካተትበታል።

ሁለተኛው ወገን ባለፉት ዓመታት «ፖፑላሪዝም» የሚል ስም ወጥቶለታል። ሕዝብን በልሂቃን ላይ የሚያስነሳው ፖፑሊዝም ሌላ ነው፤ አይምታታ። የፖፑላሪዝም ሐሳብ፣ በተለይ የመረጃ ተንታኙ ዴቪድ ሾር ሲያስረዱት፣ እጩዎች የሕዝብ አስተያየት ጥናት ብዙ ሰው እንደሚደግፋቸው ያሳየባቸውን ጉዳዮች ደጋግመው ያንሱ፣ የማይወደዱትን ደግሞ ያለዝቡ የሚል ነው። ምርጫን የሚወስኑት ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው የሚሻገሩ ሰዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ የፓርቲ አክቲቪስቱን ቋንቋ አይናገሩም ይላሉ።

የአንድ ድምፅ ዋጋ

በክርክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ቀላል ሒሳብ አለ። ቤቱ ሊቀር የነበረ አንድ ደጋፊ ቢወጣ ልዩነቱ በአንድ ድምፅ ይጠባል። ባለፈው ተቃዋሚውን የመረጠ ሰው ወደዚህኛው ቢሻገር ግን ልዩነቱ በሁለት ይለወጣል፤ ከዚያ አንድ ይቀነሳል፣ እዚህ አንድ ይደመራል። ስለዚህ አንድን ተሻጋሪ ማግኘት ሁለት ቀሪዎችን ከማስወጣት ጋር እኩል ነው።

ይህ ማለት ማሳመን ሁልጊዜ ያዋጣል ማለት አይደለም። አንዱን ለማሻገር የሚወስደው ጊዜና ገንዘብ ሁለት ሰው ከማስወጣት በላይ ከሆነ ጥቅሙ ይጠፋል። ሌላም አደጋ አለ፤ የማያውቁትን ሰው ለማሳመን በር ማንኳኳት ተቃዋሚን ቀስቅሶ ሊያስወጣ ይችላል። የማስወጣት ሥራ ዋና ብልሃቱ ማንን እንደሚያስወጡ ማወቅ ላይ ነው።

በር ማንኳኳት ምን ያህል ያመጣል?

ሥራው በቅርብ ሲታይ ይህን ይመስላል። ቅዳሜ ጠዋት በጎ ፈቃደኞች በአንድ ጽሕፈት ቤት ይሰበሰባሉ። ለእያንዳንዳቸው በስልካቸው መተግበሪያ ላይ የአንድ ሰፈር የአድራሻ ዝርዝር ይጫናል። በዝርዝሩ ውስጥ የመራጩ ስምና ዕድሜ፣ በየትኞቹ ያለፉ ምርጫዎች ድምፅ እንደሰጠ ይነበባል። ለማን እንደሰጠ ምስጢር ነው፤ መስጠት አለመስጠቱ ግን በአብዛኛው ግዛት የሕዝብ መዝገብ ነው። ከዚህ ተነስቶ ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ነጥብ ይሰጣል፤ አንዱ ፓርቲውን የመደገፍ ዕድሉን፣ ሌላው የመውጣት ዕድሉን ይገምታል። ሁልጊዜ የሚወጣው ሰው በር አይንኳኳም፤ ምንም ቢደረግ አይወጣም ተብሎ የተገመተውም ይታለፋል። የሚፈለገው መካከል ላይ ያለው ነው። አብዛኛው በር አይከፈትም፤ በራሪ ወረቀት እጀታው ላይ ተሰክቶ ይታለፋል። የተከፈተ እንደሆነ በደንብ የሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ ስለ ፖሊሲ ረጅም ንግግር አይጀምርም። «መቼ ለመሄድ አስበዋል? ከሥራ በፊት ወይስ በኋላ? ምርጫ ጣቢያዎ የት እንደሆነ ያውቃሉ? በምን ይሄዳሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው ሰዓቱንና መንገዱን በራሱ አፍ ሲናገር የመሄድ ዕድሉ ከፍ እንደሚል በሙከራ ታይቷል።

ውጤቱን በቁጥር ለመለካት ዘመናዊውን መንገድ ያሳዩት የየል ዩኒቨርሲቲዎቹ አለን ገርበርና ዶናልድ ግሪን ናቸው። በ1998 በኒው ሄቨን ከተማ ወደ 30,000 የሚጠጉ የተመዘገቡ መራጮችን በዕጣ ከፋፍለው ለአንዳንዱ ቤት ሰው ላኩ፣ ለአንዳንዱ ደብዳቤ፣ ለአንዳንዱ ስልክ አስደወሉ፣ ሌላውን ምንም ሳያደርጉ ተዉት። ፊት ለፊት ያነጋገሯቸው ሰዎች ተሳትፎ ወደ 9 ነጥብ ገደማ ከፍ ሲል፣ ደብዳቤው ጥቂት ብቻ ጨመረ፤ በክፍያ ተቀጥረው የደወሉት ስልኮች ግን ይህ ነው የሚባል ውጤት አላመጡም። በ2006 ሚሺጋን ውስጥ የተደረገ ሌላ ሙከራ ይበልጥ አስገረመ። ሰዎች የራሳቸውና የጎረቤቶቻቸው የመምረጥ ታሪክ የተጻፈበት ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ከምርጫው በኋላም የማን ስም እንደቀረ የሚያሳይ ሌላ እንደሚላክ ተነገራቸው። ተሳትፎ ከ29.7 ወደ 37.8 ከመቶ ወጣ። ይሉኝታ በአሜሪካም ይሠራል ማለት ነው።

ነገር ግን እነዚህ ሙከራዎች የተደረጉት ሰው እምብዛም በማይወጣባቸው ምርጫዎች ላይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የሚሺጋኑ በኦገስት ወር የተካሄደ የፓርቲዎች የውስጥ ምርጫ ነበር። በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ፣ ቴሌቪዥኑም ስልኩም ጎረቤቱም ስለ ምርጫ በሚያወራበት ወቅት፣ አንድ ተጨማሪ ማንኳኳት የሚያመጣው ጭማሪ ከዚህ በጣም ያንሳል። ማሳመንን በተመለከተ ደግሞ ጆሽዋ ካላና ዴቪድ ብሩክማን በ2018 ባሳተሙት ጥናት 49 የመስክ ሙከራዎችን አንድ ላይ አይተው፣ በአጠቃላይ ምርጫ ዘመቻዎች በቀጥታ መራጩን በማግኘት ሐሳብ የሚያስለውጡበት አማካይ መጠን ዜሮ ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። በውስጥ ምርጫና በሕዝበ ውሳኔ ግን ማሳመን ይሠራል፤ እዚያ መራጩን የሚያስረው የፓርቲ ስም የለምና።

ከዚህ ጥናት ተነስቶ «ሰው ሐሳቡን አይለውጥም» ማለት ስሕተት ነው። ጥናቱ የሚለው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በር ላይ የቆመ እንግዳ ሰው ሐሳብ እንደማያስለውጥ ነው። የዳቦና የቤንዚን ዋጋ፣ የሥራ ሁኔታና ለዓመታት የተገነባ የፓርቲ ስም ግን ሰውን ሲያሻግሩ በተደጋጋሚ ታይተዋል።

«የቀሩት የእኛ ነበሩ» የሚለው እምነት

የማስወጣት ክርክር ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ዙሪያ የነበረው እምነት፣ የማይመርጠው ወጣቱ፣ ድሃው፣ ስደተኛውና ጥቁሩ ስለሆነ ሁሉም ቢወጣ ፓርቲው ያሸንፋል የሚል ነበር። ከ2024 ምርጫ በኋላም ባይደን በ2020 ያገኙት ከ81 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ለሐሪስ ወደ 75 ሚሊዮን ስለወረደ፣ «ስድስት ሚሊዮን ሰው ቤቱ ስለቀረ ነው የተሸነፍነው» የሚለው ትርጉም ወዲያው ተሠራጨ።

ድምሩ እውነት ነው። ምርጫው የተወሰነባቸው ግዛቶች ግን ሌላ ታሪክ ይናገራሉ። ጆርጂያ ውስጥ ሐሪስ ወደ 2.55 ሚሊዮን ድምፅ አገኙ፤ ባይደን በ2020 ያገኙት ወደ 2.47 ሚሊዮን ነበር። ባይደን በአነሰ ድምፅ አሸነፉ፣ ሐሪስ በበለጠ ድምፅ ተሸነፉ፤ የትራምፕ ድምፅ በ200,000 ገደማ ጨምሮ ነበርና። በዊስኮንሲን፣ በሰሜን ካሮላይናና በኔቫዳም ሐሪስ ከባይደን በልጠው ሳያሸንፉ ቀሩ። ሰው የማስወጣቱ ሥራ በተጠናከረባቸው ቦታዎች ደጋፊዎቻቸው ወጥተዋል። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር።

ፒው የተባለው የምርምር ተቋም በ2025 ያወጣው፣ የሰዎችን ቃል ከመራጮች መዝገብ ጋር ያመሳከረ ጥናት ነገሩን ያጠራዋል። በ2020 ባይደንን ከመረጡት ውስጥ 15 ከመቶ ያህሉ በ2024 ሳይመርጡ ቀርተዋል፤ ትራምፕን ከመረጡት ደግሞ 11 ከመቶ። ስለዚህ የቀሪዎች ጉዳይ እውነተኛ ጉዳት ነበረው። ሆኖም በ2024 ያልመረጡት ሰዎች ቢመርጡ ኖሮ ለማን ይሰጡ እንደነበር ሲጠየቁ 44 ከመቶ ትራምፕን፣ 40 ከመቶ ሐሪስን አሉ። ከአራት ዓመት በፊት ያልመረጡት ወደ ባይደን ያደሉ ነበሩ። ማለትም ቤት የቀረው ሕዝብም ቤቱ ተቀምጦ ሐሳቡን ለውጧል። የቀረ ሰው ሐሳቡ አብሮት ቆሞ እንደሚጠብቅ ማሰብ፣ በእኔ አመለካከት፣ በዚህ ክርክር ውስጥ ካሉት ስሕተቶች ሁሉ ብዙ ያስከፈለው ነው።

በቴክሳስና በሜክሲኮ ድንበር ላይ ያለችው የስታር አውራጃ ይህን በግልጽ ታሳያለች። ነዋሪዋ ከሞላ ጎደል በሙሉ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያለው ነው። በ2016 ሒላሪ ክሊንተን 79 ከመቶ አገኙባት። በ2020 ባይደን 52 ከመቶ ብቻ ይዘው ወጡ። በ2024 ትራምፕ 57 ከመቶ በላይ አግኝተው አሸነፉ፤ ከ1892 ወዲህ በዚያች አውራጃ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንታዊ እጩ ናቸው። ይህን ያህል መገልበጥ በሰው ማስወጣት ብቻ አይገኝም። ከፊሉ አዲስ መራጭ፣ ከፊሉ ደግሞ የተሻገረ ሰው ነው።

አውስትራሊያ ከሌላ አቅጣጫ ታረጋግጠዋለች። በ1924 መምረጥ በሕግ ግዴታ ከሆነ በኋላ በቀጣዩ ዓመት ተሳትፎ ከ60 ከመቶ በታች ከነበረው ወደ 91 ከመቶ ዘለለ፤ ዛሬም 90 ከመቶ አካባቢ ነው። ሁሉም ሰው በሚወጣበት አገርም መንግሥታት ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ።

ፖሊሲው ተወድዶ ፓርቲው ሲሸነፍ

እስካሁን ያየነው የፖፑላሪዝምን ወገን የሚደግፍ ይመስላል። ግን እዚያም ችግር አለ፤ ምናልባትም የባሰ።

በ2020 ፍሎሪዳ ውስጥ በአንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ሁለት ጥያቄዎች ቀርበው ነበር። አንደኛው ማን ፕሬዚዳንት ይሁን የሚለው ነው። ሌላው የግዛቲቱ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ደረጃ በደረጃ 15 ዶላር ይግባ የሚል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ማሻሻያው ከ6.3 ሚሊዮን በላይ ድምፅ፣ ወደ 61 ከመቶ አግኝቶ አለፈ። ይህን ክፍያ በአገር ደረጃ ለማምጣት ቃል የገቡት ባይደን ግን በዚያው ወረቀት ላይ 48 ከመቶ ብቻ አግኝተው ተሸነፉ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ፖሊሲውን ወድዶ ያቀረበውን ሰው ትቶታል።

በ2024 ሚዙሪ ያንኑ ደገመችው። መራጩ የፅንስ ማቋረጥ መብትን 51.6 ከመቶ፣ የ15 ዶላር ክፍያንና የሕመም ፈቃድን ደግሞ ከ57 ከመቶ በላይ በሆነ ድምፅ አጸደቀ፤ በዚያው ዕለት ለትራምፕ 58 ከመቶ በላይ ሰጠ። ከወራት በኋላ ያው መራጭ የመረጠው የሪፐብሊካን ምክር ቤት የሕመም ፈቃዱን ሻረው።

ለምን ይሆናል? አንዱ ምክንያት የፓርቲ ማንነት ነው። ብዙ ሰው ፓርቲን የሚመርጠው ከነማን ጋር እንደሚቆም ለማሳየት ጭምር ነው፤ የፖሊሲ ዝርዝር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ሕዝበ ውሳኔ ሰውን ከማንነቱ ሳያጣላ ፖሊሲውን ብቻ እንዲወስድ መንገድ ይከፍትለታል። ደመወዙንም ፓርቲውንም ይዞ መግባት ከቻለ፣ የሚያስመርጠው ነገር የለም።

ሁለተኛው ማን እንዳደረገው አለመታወቁ ነው። በ2021 የባይደን መንግሥት ለልጆች የሚሰጠውን የግብር ቅናሽ አስፍቶ፣ ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በዓመት እስከ 3,600 ዶላር፣ ከፍ ላለው እስከ 3,000 ዶላር ሰጠ። ግማሹ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በየወሩ ባንክ ሒሳብ ውስጥ ይገባ ነበር። የልጆች ድህነት በዚያ ዓመት ወደ 5.2 ከመቶ ወረደ፤ ፕሮግራሙ ሳይታደስ ሲቀር በ2022 ወደ 12.4 ከመቶ ተመለሰ። ይህን ያህል ቤተሰብን የነካ ሥራ ለፓርቲው ይህ ነው የሚባል የምርጫ ትርፍ አላስገኘም። ገንዘቡ በዝምታ መጣ፣ በዝምታ ቆመ። ትራምፕ በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ የተላከው የድጎማ ቼክ ላይ ስማቸው እንዲታተም ያደረጉት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሦስተኛው የጉዳዮች ሚዛን ነው። አንድ ሰው አሥር ፖሊሲ ሊወድ ይችላል፤ የሚመርጠው ግን በሚያስጨንቀው በአንዱ ወይም በሁለቱ ነው። በጁን 2022 የዋጋ ንረት 9.1 ከመቶ ሲደርስ፣ ከ40 ዓመት ወዲህ ያልታየ ነበር። በአስቤዛ ሒሳብ የተቆጣ መራጭ ስለ መድኃኒት ዋጋ ቅናሽ ሲነገረው ቅናሹን አይቃወምም፤ ቁጣውንም ግን አይተውም። በጥናት ወረቀት ላይ «ይደግፉታል?» ተብሎ የሚመለስ «አዎ» ምንም አያስከፍልም። የምርጫው ዕለት «አዎ» ሌላውን ነገር ሁሉ ትቶ ነው።

ፖሊሲ ድምፅ የሚሆንባቸው ጊዜያት

ይህ ሁሉ ፖሊሲ ከንቱ ነው አያሰኝም። መቼ እንደሚሠራ የሚያሳዩ ጥሩ ምሳሌዎች አሉ።

«ኦባማ ኬር» የሚባለው የጤና መድን ሕግ በ2010 ሲወጣ ዴሞክራቶችን ብዙ አስከፈላቸው፤ በዚያው ዓመት በተካሄደው ምርጫ 63 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ አጡ። ያው ሕግ በ2017 ሪፐብሊካኖች ሊሽሩት ሲነሡ በ2018 የዴሞክራቶች ዋና መቀስቀሻ ሆኖ ወደ 40 የሚጠጉ መቀመጫዎችን ለማስመለስ ረዳ። ሕጉ በስምንት ዓመት ውስጥ በመሠረቱ አልተለወጠም። የተለወጠው መራጩ ሊያገኝ የነበረውን ሳይሆን በእጁ የያዘውን ሊያጣ መሆኑን ማየቱ ነው። ሰው ከሚሰጠው ይልቅ ለሚነጠቀው ይነሣል፤ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ በሥልጣን ላይ ያለውን ፓርቲ አዘውትሮ የሚቀጣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በጆርጂያ ጃንዋሪ 5 ቀን 2021 የተካሄደው የመለያ ምርጫ ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ሲሠሩ የታየበት ነው። እጩዎቹ ራፋኤል ዋርኖክና ጆን ኦሶፍ ቢያሸንፉ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ወደ ዴሞክራቶች ይገባል፤ ከገባ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የ2,000 ዶላር ድጎማ እንደሚላክ ባይደን ከምርጫው አንድ ቀን ቀደም ብለው አትላንታ ላይ በግልጽ ተናገሩ። መጠኑ ይታወቃል፣ ሰጪው ይታወቃል፣ ቅድመ ሁኔታውም አንድ ነው። በዚያ ላይ የጆርጂያዋ ዴሞክራት ስቴሲ ኤብራምስና ሌሎች ለዓመታት ያደራጁት የምዝገባና የቤት ለቤት መረብ ነበር። በ2008 በዚያው ግዛት በተካሄደ የመለያ ምርጫ ከ3.7 ሚሊዮን መራጭ ወደ 2.1 ሚሊዮን ወርዶ ነበር፤ አሁን ወደ 4.5 ሚሊዮን ሰው ወጣ። ኦሶፍ በ1.2፣ ዋርኖክ በ2.1 ነጥብ አሸነፉ። ልዩነቱ ይህን ያህል ጠባብ በመሆኑ በር ማንኳኳቱ ባይኖር ያሸንፉ ነበር ለማለት ይከብዳል። ሆኖም መረቡ ሁልጊዜ አልበቃም። ኤብራምስ ራሳቸው በ2018 ለአገረ ገዢነት ተወዳድረው በ55,000 ገደማ ድምፅ ሲሸነፉ፣ በ2022 ከዚያው ተቀናቃኛቸው ከብራያን ኬምፕ ጋር ገጥመው በ7 ነጥብ በላይ ተበለጡ።

የኒው ዮርኩ የማምዳኒ ድልም በዚህ ዓይን ይነበባል። ቃሎቻቸው በአንድ አረፍተ ነገር የሚነገሩና ከስማቸው የማይነጠሉ ነበሩ፤ በጎ ፈቃደኞቻቸው በር ሲያንኳኩ የሚናገሩት አጭርና የሚታወስ ነገር ነበራቸው። ፖሊሲው ሰው ለማንኳኳት እንዲወጣም ምክንያት ሆነ። ይሁንና ኒው ዮርክ ዴሞክራቶች በሰፊው የሚበዙባት ከተማ ናት፤ በዚያም ላይ ያገኙት ከግማሽ ጥቂት የበለጠ ነው። ስፓንበርገር ደግሞ በጠባብ ልዩነት በምትወዛወዘው ቨርጂኒያ 57 ከመቶ በላይ አገኙ። አንዱን ድል ወስዶ ለሌላው አገር ሁሉ መመሪያ ማድረግ አያዋጣም።

የ2021ዱ ቨርጂኒያ እና «የእኛ ድምፅ»

አሁን ወደ ቨርጂኒያው አባባል። በ2021 በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ምክንያት የባይደን መንግሥት በያዘው አቋም ያዘኑ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ተደራጅተው ቀሰቀሱ። ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ፣ ለማውጣት ለኮንግረስ ያስታወቁት በምርጫው ዕለት፣ ኖቬምበር 2 ቀን ነበር። ያንግኪን ሲያሸንፉ «እኛ ነን» መባሉ አይገርምም።

ልዩነቱ ወደ 64,000 ድምፅ ነበር። ከላይ ባየነው ሒሳብ፣ ይህን በመሻገር ብቻ ለመለወጥ 32,000 ያህል ሰው ከዴሞክራት ወደ ሪፐብሊካን መሄድ ነበረበት። ማኅበረሰቡ በብዛት የሚኖርባቸውን ፌርፋክስንና አሌክሳንድሪያን ደግሞ ዴሞክራቱ ቴሪ ማኮሊፍ በሰፊው አሸንፈዋቸዋል። ለውጡ በአንድ አካባቢ ሳይወሰን፣ በገጠሩም በከተማ ዳርቻውም በመላ ግዛቲቱ የታየ ነበር፤ የትምህርት ቤቶች ጉዳይና የባይደን ተቀባይነት መውረድ ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። ሌላም የሚያስተምር ነገር አለ። ማኮሊፍ ወደ 1.6 ሚሊዮን ድምፅ አገኙ፤ ከአራት ዓመት በፊት ራልፍ ኖርተም በ1.4 ሚሊዮን ድምፅ አሸንፈው ነበር። ዴሞክራቶች ደጋፊያቸውን አስወጥተዋል፤ ሌላው ወገን ይበልጥ አስወጣ፣ ከፊሉንም አሻገረ።

ታዲያ የተደራጀው ማኅበረሰብ ጥረት ከንቱ ነበር? አይደለም። የአንድ ማኅበረሰብ ጉልበት የሚመዘነው በግዛት ደረጃ አይደለም እንጂ። የከተማ ምክር ቤት፣ የትምህርት ቦርድና የፓርቲ የውስጥ ምርጫዎች ጥቂት ሰው የሚወጣባቸው፣ በመቶዎች በሚቆጠር ድምፅ የሚወሰኑ ናቸው፤ ሙከራዎቹ በር ማንኳኳት ብዙ ያመጣል ያሉትም እዚያ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሌላ ምክንያትም አለ። የድምፅ መስጫ ሰነዶች በሌላ ቋንቋ እንዲቀርቡ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ የሚመለከተው የስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና የአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን ብቻ ነው፤ አማርኛ አይገባበትም። ዋሽንግተን ዲሲ በራሷ ሕግ የምርጫ መረጃ በአማርኛ ታቀርባለች፤ ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው ግን የፌዴራሉ ሕግ ይህን መብት አይሰጠውም። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው እናት ምርጫ ጣቢያቸውን አውቀው፣ ወረቀቱን ተረድተው እንዲመርጡ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው በራቸው መድረስ አለበት።

ወደ 2026 ሲታይ

በ2026 የአጋማሽ ዘመን ምርጫ 435ቱም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎችና የሕግ መወሰኛው ሲሦ ያህል ለውድድር ይቀርባሉ። ከላይ የተባለው ከያዘ፣ ሁለት ነገሮችን ማየት ይጠቅማል።

አንደኛው የተሳትፎ ትርጉም መገልበጡ ነው። ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ ከፍተኛ ትምህርት ያላቸው መራጮች ወደ ዴሞክራቶች አድልተዋል፤ እነዚህ ደግሞ ማንም በማይወጣበት ምርጫ ጭምር የሚወጡ ናቸው። ትራምፕን የሚመርጠው አልፎ አልፎ ብቻ የሚወጣ ሰው የእሳቸው ስም ወረቀቱ ላይ በሌለበት ይቀራል። ስለዚህ የማስወጣቱ ከባድ ሥራ ዛሬ የወደቀው በሪፐብሊካኖች ትከሻ ላይ ነው።

ሁለተኛው የጊዜ አቆጣጠር ነው። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው የትራምፕ ሰፊ የግብርና ወጪ ሕግ በጉርሻና በትርፍ ሰዓት ክፍያ ላይ ያለው የግብር ቅናሽ ከ2025 ጀምሮ እንዲሠራ አድርጓል። ለድሆች የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬይድን፣ የሚያጠብበው የሥራ ግዴታ ግን በአብዛኛው ከምርጫው በኋላ፣ ከ2027 መግቢያ የሚጀምር ነው። ጥቅሙ አስቀድሞ፣ ጉዳቱ ዘግይቶ። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ሰው ለሚነጠቀው እንደሚነሣ ያውቃሉ። ዴሞክራቶች ገና ያልደረሰ ጉዳትን እንደ ደረሰ አድርገው ማሳየት ይኖርባቸዋል፤ ይህ ደግሞ በእጅ ያለ ነገር ሲነጠቅ ከማሳየት በጣም ይከብዳል።

ውጤቱ በታወቀበት ሌሊት «ሰው ስላልወጣ ነው» ወይም «ፖሊሲው ስላልተወደደ ነው» የሚሉ ድምዳሜዎች መምጣታቸው አይቀርም። የዚያን ሌሊት የሚታወቀው ግን ድምሩ ብቻ ነው። ማን ወጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ተሻገረ የሚለው የሚታወቀው ግዛቶች የመራጮች መዝገባቸውን አስተካክለው ካወጡ በኋላ ነው። የ2024ቱ ምርጫ በኖቬምበር ተካሂዶ፣ ፒው ከመዝገብ ጋር ያመሳከረው ጥናት የወጣው በቀጣዩ ጁን ነበር።